ሞተር ሳይክል ከመግዛታችሁ በፊት ሥልጠናውን ውሰዱ

የጀማሪዎች የሞተር ሳይክል ሥልጠና ገንዘቡ ያዋጣል ወይ ለምትሉ፦ ያዋጣል። ግን መጀመሪያ ተማሩ፣ ከዚያ ግዙ። ብዙ ማሠልጠኛዎች ቀላል ሞተር ራሳቸው ያቀርባሉ። ስለዚህ ስትወድቁ የሚጫጫረው አዲሱ ሞተራችሁ አይሆንም። ምን ያህል ክብደት እንደምትችሉ፣ እግራችሁ መሬት በደንብ ይደርስ እንደሆነም ገንዘብ ሳታወጡ ታውቃላችሁ።

ከሁሉም በላይ ግን ለድንገተኛ ፍሬን ልምምድ ስትሉ ግቡ። ጀማሪ ሲደነግጥ የኋላውን ፍሬን በእግሩ ይረግጣል። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። የኋላው ጎማ ይቀልና ቶሎ ተቆልፎ ይንሸራተታል። ሞተሩን በዋናነት የሚያቆመው የፊቱ ፍሬን ነው። እሱንም በአንዴ ጨምድዳችሁ አትያዙት፤ ጫን እያደረጋችሁ አጥብቁት። ይህን አንብቦ ማወቅ አይበቃም፣ እጅ መልመድ አለበት። አሠልጣኝ አጠገባችሁ ቆሞ ሲያርማችሁ ደግሞ ቶሎ ይገባል።

ሥልጠናው ሲያልቅ ባዶ ሜዳ ፈልጉና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ 10 ጊዜ ያህል ደጋግሙት። ፍጥነቱን ወደ 60 ለማሳደግ አትቸኩሉ፤ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ሞተሩ የሚሄደው ርቀት 4 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሄልሜትና ጓንት እንዳትረሱ።

አሸዋ ወይም እርጥብ መሬት ላይ፣ ወይም ኩርባ ላይ ተጋድማችሁ ሳላችሁ ግን ይህን ልምምድ አትሞክሩት። የፊት ጎማው ከከዳችሁ ሞተሩን ማዳን በጣም ከባድ ነው።