ማርኩ ያልነገረኝን እንዴት እንደለካሁት

ጎንደር በሚገኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በማስተምረው የስታቲስቲክስ ኮርስ ተማሪዎቼ ጥሩ ማርክ ያመጡ ነበር፤ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሲሠሩ ግን ራሳቸው የሰበሰቡትን መረጃ መተንተን ይቸግራቸው ነበር። አገር አቀፉ የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ለመመረቅ ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ግድ በመሆኑ፣ ክፍተቱ ዘግይቶ ሲገለጥ የሚጎዳው ተማሪው ነውና ነገሩ እጅግ አሳሰበኝ።

ያለፈውን የማጠቃለያ ፈተና አውጥቼ እያንዳንዱን ጥያቄ በኮርሱ መግለጫ ላይ ከሰፈረው የመማር ውጤት (ተማሪው ኮርሱን ሲጨርስ ሊችለው ከሚገባው ነገር) ጋር በኤክሴል አዛመድሁት። «መረጃን ይተነትናል» ለሚለው ውጤት አንድም ጥያቄ አልነበረም፤ አብዛኞቹ ትርጉም ማስታወስን ብቻ የሚጠይቁ፣ ማለትም የመማር ዓላማዎችን ከቀላል ወደ ከባድ በእርከን በሚለየው፣ በ1956 እ.ኤ.አ. በታተመው የብሉም ምደባ ከመጀመሪያው እርከን የማያልፉ ነበሩ። ጥፋቱ የተማሪዎቹ ሳይሆን የእኔ የአፈታተን ስልት ነበር።

አሁን ጥያቄ ከመጻፌ በፊት ለእያንዳንዱ የመማር ውጤት የሚደርሰውን ነጥብ በሰንጠረዥ እወስናለሁ፤ ለትንተናውም ያልተሠራበት መረጃ ሰጥቼ አተረጓጎሙን በመመዘኛ መስፈርት አርማለሁ። ማርኩንም ከድምሩ በተጨማሪ በየውጤቱ ለይቼ ስለምመዘግብ፣ ከ100 ው 70 ያመጣች ተማሪ በየትኛው ላይ እንደደከመች አይቼ የማጠናከሪያ ትምህርቱን በዚያው ላይ እሰጣታለሁ።