አዲስ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስትገቡ ትምህርቱንም ማህበራዊ ኑሮውንም እንዴት ትይዙታላችሁ?

አዲስ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገባ ተማሪ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ውጤት ነው። ትምህርቱ ይከብደኝ ይሆን? ሌሎቹ ከእኔ የተሻሉ ቢሆኑስ? ጭንቀቱ ተገቢ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት እንድታስቡበት የምፈልገው ነገር አለ። ግቢው ውስጥ በስማችሁ የሚያውቃችሁ፣ ሁለት ቀን ስትቀሩ "ምን ሆናችሁ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላችሁ? በእንዲህ አይነት ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ክፍሎቹ አነስ ያሉ ናቸው፣ መምህሩም ቅርብ ነው። ቤተሰብ ያን ሁሉ ክፍያ የሚከፍለውም በአብዛኛው ለዚህ ቅርበት ነው። ቅርበቱ ግን ዝም ብሎ አይመጣም። ጥቂት ተማሪ ባለበት ክፍልም ጥግ ይዞ፣ አንገት ደፍቶ፣ ማንም ሳያውቀው ጨርሶ መውጣት ይቻላል። ያ እንዳይደርስባችሁ ነው ይሄን የምጽፈው።

1. ትምህርት ቤቱን እወቁት

እዚህ ላይ የማወራው በራሱ ቦርድ ስለሚተዳደር፣ ከተማሪ ክፍያና ከለጋሾች በሚያገኘው ገንዘብ ስለሚሰራ ትምህርት ቤት ነው። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የግቢውን ደንብም ሆነ የማስተማሪያ መንገዱን በአብዛኛው ራሱ ይመርጣል። ስለዚህ ከበፊቱ ትምህርት ቤት ይዛችሁት የመጣችሁት ልማድ እዚህ ላይሰራ ይችላል።

የተማሪዎች መመሪያውን አውጡና አራት ነገር ፈልጉ። የዘገየ አሳይመንት ምን ያህል ነጥብ ያስቀንሳል? ስንት ቀን መቅረት ችግር ያመጣል? ኩረጃ የሚባለው ምን ምንን ያካትታል? በውጤት ካልተስማማችሁ አቤቱታው የሚቀርበው ለማን ነው? የቀረውን በሂደት ትደርሱበታላችሁ።

በምን እንደምትመዘኑም ቀድማችሁ እወቁ። ለምሳሌ የኢንተርናሽናል ባካሎሬት ዲፕሎማ በሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ላይ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ የሁለት ዓመት ፕሮግራም ነው። 6 የትምህርት ዓይነት አለው፣ እያንዳንዱ ከ7 ይታረማል። ከዚያ ላይ ተጨማሪ 3 ነጥብ ስላለ ከፍተኛው ድምር 45 ነው። እስከ 4,000 ቃል የሚደርስ የምርምር ጽሑፍም ይጠይቃል። ብዙ ተማሪ የሚዘናጋው ግን ነጥብ በሌለው ክፍል ነው። የፈጠራ፣ የእንቅስቃሴና የማህበረሰብ አገልግሎት ሥራ አይታረምም፣ ሳይሟላ ግን ዲፕሎማው አይሰጥም። ትምህርት ቤታችሁ የሚከተለው ሌላ ሥርዓት ከሆነም ጥያቄው ያው ነው። ምንድን ነው የሚቆጠረው? ምንድን ነው ሳይቆጠር የሚፈለገው?

2. በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ መምህር ቅረቡ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄንን ውሰዱ።

ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ለጥቂት ተማሪዎች አንድ አማካሪ መምህር ይመድባሉ። ያ መምህር ውጤታችሁን ብቻ ሳይሆን አጠቃላይ ሁኔታችሁን ይከታተላል። ችግር የሚሆነው ተማሪው አማካሪውን የሚያስታውሰው ነገር ከተበላሸ በኋላ ሲሆን ነው። ሁለት ትምህርት ወድቆ፣ ቤተሰብ ተጠርቶ፣ ሁሉም ተጨናንቆ ሲገናኙ ከዚያ በፊት ትውውቅ ስለሌለ መምህሩም የሚናገረው ይጠፋዋል። እናንተ ደህና በሆናችሁበት ሰዓት ሂዱ። አስር ደቂቃ ይበቃል። ከየት እንደመጣችሁ፣ የትኛው ትምህርት እንደሚከብዳችሁ፣ ማታ ቤት ውስጥ ለማጥናት የሚመች ቦታ እንዳላችሁና እንደሌላችሁ ንገሩት። እነዚህን ካወቀ በኋላ የሚሰጣችሁ ምክር ለእናንተ የሚሆን ይሆናል።

የተመደበላችሁ አማካሪ ካልተመቻችሁ ሌላ መምህር መቅረብ ነውር አይደለም። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ልትሆን ትችላለች፣ የስፖርት አሰልጣኙም ሊሆን ይችላል። ዋናው አንድ ትልቅ ሰው እንዲያውቃችሁ ነው።

የትምህርት ጥያቄ ይዛችሁ ስትሄዱ ደግሞ ጥያቄውን አጥብቡት። "ምንም አልገባኝም" ያለውን ተማሪ መምህሩ ከየት ጀምሮ እንደሚረዳው አያውቅም፣ ስለዚህ ያንኑ ትምህርት ከመጀመሪያው ይደግምለታል። "እስከ ሁለተኛው መስመር ተከትያለሁ፣ ሦስተኛው ላይ ምልክቱ ለምን እንደተቀየረ ነው ያልገባኝ" ያለው ግን በሦስት ደቂቃ መልሱን ይዞ ይወጣል። የሞከራችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ የተሳሳተ ቢሆንም። መምህር ከትክክለኛ መልስ ይልቅ ከስህተታችሁ የበለጠ ያነባል።

3. ክፍል ውስጥ አፋችሁን ክፈቱ

በገለጻና በሽምደዳ ለተማረ ሰው ይሄ በጣም ከባዱ ነው፣ በደንብ ይገባኛል።

በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የተለመደ አንድ የማስተማሪያ መንገድ አለ፣ ሃርክነስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1930 ኤድዋርድ ሃርክነስ የተባለ በጎ አድራጊ በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ለሚገኘው ፊሊፕስ ኤክሰተር አካዳሚ ትልቅ ስጦታ ሰጠ። ሀሳቡ ተማሪዎች በረድፍ ተቀምጠው ከመስማት ይልቅ በአንድ ትልቅ ሞላላ ጠረጴዛ ዙሪያ ከመምህራቸው ጋር ተቀምጠው እንዲወያዩ ነበር። በአንድ ጠረጴዛ አስራ ሁለት ያህል ተማሪ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ወስደውታል። ጠረጴዛው ባይኖርም የውይይት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ብዙ ነው።

እንዲህ ባለ ክፍል ዝምታ ይታያል። የሚደበቁበት የኋላ ወንበር የለም። ስለዚህ ማታ፣ የተሰጣችሁን ካነበባችሁ በኋላ፣ ሁለት ነገር ጻፉ። አንዱ የምር ያልገባችሁ ጥያቄ፣ ሁለተኛው ልታሳዩት የምትፈልጉት አንድ ቦታ ከነገጹ ቁጥር። በማግስቱ ውይይቱ እንደተጀመረ፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች፣ አንዱን ተናገሩ። ቆይቼ እናገራለሁ ያለ ሰው ሀሳቡን ሌላው ይቀድመዋል፣ ውይይቱም ሌላ ቦታ ይሄድበታል፣ ልቡም እየመታ ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

የምትናገሩት ብልህ መምሰል የለበትም። "ገጽ 42 ላይ ያለው ሰውዬ መጀመሪያ ካለው ጋር የሚጋጭ መሰለኝ፣ ሌላ ሰው እንዴት አየው?" ማለት በቂ ነው፣ እንዲያውም ውይይት የሚከፍተው እንዲህ ያለው ነው። ሌላው ሲናገር ደግሞ የራሳችሁን ንግግር አታዘጋጁ፣ ስሙት። ስትመልሱም በስም ጥሩት፣ ምን እንዳለ በአጭሩ ድገሙና የተስማማችሁበትን ወይም ያልተስማማችሁበትን ጨምሩ። ሰው በስሙ ተጠርቶ ሀሳቡ በቁም ነገር ሲወሰድ ደስ ይለዋል። ብዙ ጓደኝነትም እንደዚህ ነው የሚጀምረው።

መናገር የማይከብዳችሁ ከሆነ ሥራችሁ ሌላ ነው። ሦስቴ ከተናገራችሁ በኋላ ቆም በሉና ያልተናገረውን ጠይቁ። ግን ፊቱን እዩ፤ ያልተዘጋጀን ሰው በድንገት መጎተት ማሳፈር ነው።

4. ጥናቱን በሳምንት አስቡት

አሳይመንቱ፣ ኩዊዙ፣ ልምምዱ፣ ክለቡ አንድ ላይ ሲመጡ የቀን እቅድ አያዋጣም። እሁድ ላይ ሳምንቱን በአንድ ወረቀት ጻፉት። መጀመሪያ የማይንቀሳቀሱትን አስገቡ፣ ክፍል፣ መንገድ፣ ምግብ፣ እንቅልፍ። አዎ፣ እንቅልፍ። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የሚመክረው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ትምህርቱ ጠንካራ በሆነበት ግቢ ውስጥ ደግሞ አለመተኛት እንደ ጀግንነት ይወራል፣ "ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም" ይባባላሉ። በዚህ አትወዳደሩ።

ስታጠኑ ደጋግማችሁ ከማንበብ ደብተሩን ዘግታችሁ ማስታወስ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገር እና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ይሄን በተማሪዎች ላይ ፈትነውታል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት ተማሪዎች በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት ብዙ ይዘው ተገኙ። ፈተና ደግሞ ካነበባችሁ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይመጣም። ስለዚህ በባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሱትን ጻፉ፣ ከዚያ ደብተሩን ከፍታችሁ የጎደለውን ብቻ ሙሉ፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ድገሙት።

ስለ ኩረጃ አጭር ነገር ልበል። አብሮ ማጥናትና አብሮ መጻፍ ይለያያሉ። ከጓደኛ ጋር ተወያዩ፣ ከዚያ ማስታወሻውን ዝጉና ለየብቻ ጻፉ። እንደ ኤአይ ያለ የኮምፒውተር ረዳት መጠቀም ከፈለጋችሁም ከማስረከባችሁ በፊት መምህሩን ጠይቁ። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን የክብር ቃል ያስፈርማሉ፣ ያን ቃል የጣሰ ሰው ነጥብ ብቻ አይደለም የሚያጣው።

5. ሁለት ክለብ፣ ከዚያ አይበልጥ

በመጀመሪያው ሳምንት የክለብ ቀን ይኖራል፣ ሁሉም ይጠራችኋል፣ እናንተም ስምንት ቦታ ትመዘገባላችሁ። ሁለት ይበቃል። አንዱ የምትችሉት ይሁን፣ በራስ መተማመን ይሰጣችኋል። ሌላው ጨርሶ የማታውቁት ይሁን፣ ክርክር፣ ቲያትር፣ ቀዘፋ፣ ምንም ይሁን። ጀማሪ በሆናችሁበት ቦታ ከታች ክፍል ካለ ልጅ ጋርም ከላይ ክፍል ካለ ልጅ ጋርም እኩል ትሆናላችሁ። ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ብቻ ብላችሁ የገባችሁበትን ክለብ በሦስተኛው ሳምንት ትሰለቹታላችሁ።

የምትፈልጉት ክለብ ከሌለ መስርቱት። አንድ ደጋፊ መምህር፣ አራት አምስት ጓደኛ፣ የታወቀ ቀንና ሰዓት፣ በመጀመሪያው ቀን ምን እንደምትሰሩ የሚገልጽ አንድ ገጽ ይዛችሁ ወደ ኃላፊው ሂዱ። ብዙ ጊዜ እሺ ትባላላችሁ።

የአገልግሎት ሥራን ግን ለብቻው አንሱት። ኩርት ሃን የተባለው ጀርመናዊ መምህር ከናዚዎች ሸሽቶ እ.ኤ.አ. በ1934 በስኮትላንድ ጎርደንስታውን ትምህርት ቤትን ከመሠረተ በኋላ ተማሪዎቹን በባህር ዳርቻ ጥበቃና በእሳት አደጋ መከላከል ሥራ አሰማርቷቸዋል። ሥራው የእውነት ነበር፣ ተማሪው ካልመጣ የሚጎዳ ሰው ነበር። የእናንተም እንደዚያ ይሁን። መጀመሪያ ሰዎቹን ምን እንደሚያስፈልጋቸው ጠይቁ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ልትገኙበት የምትችሉትን ትንሽ ነገር ምረጡ። አንዴ ሄዶ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ማንንም አይጠቅምም።

6. የገንዘብ ልዩነቱን በጥበብ ያዙት

ይሄ ብዙ ጊዜ አይነሳም። በአንድ ክፍል ውስጥ ሙሉ የሚከፍል፣ ግማሽ የሚከፍል፣ በስኮላርሺፕ የሚማር አብረው ይቀመጣሉ። በእረፍት የት ሄድክ፣ ጫማሽን ስንት ገዛሽው የሚሉ ወሬዎች ላንዱ ተራ ጨዋታ ናቸው፣ ላንዱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚከነክኑ።

በእርዳታ የምትማሩ ከሆነ ቦታው የእናንተ ነው። የመግቢያ መስፈርቱን እንደማንኛውም ተማሪ አልፋችሁ ነው የገባችሁት። የጉዞ፣ የመጽሐፍ፣ የመሣሪያ ወጪ ሲመጣ ከመቅረታችሁ በፊት አማካሪያችሁን ወይም የክፍያ ቢሮውን ለብቻ ጠይቁ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለዚህ የተቀመጠ ገንዘብ አላቸው፣ የሚሰጡት ግን ለጠየቀ ነው። ችግር የሌለባችሁ ደግሞ ማን ምን እንደሚከፍል አትጠይቁ። አብራችሁ የምታሳልፉትን ጊዜም ሁልጊዜ ገንዘብ በሚያስወጣ ቦታ አታድርጉት።

በምሳ ሰዓት በሳምንት አንድ ቀን ከለመዳችሁት ጠረጴዛ ተነስታችሁ ሌላ ቦታ ተቀመጡ። ብቻውን የሚበላ ልጅ ካያችሁ "ቦታው ሰው አለው?" በሉና ቁጭ በሉ። ማስፈራራት፣ ማሸማቀቅ፣ በግሩፕ ቻት ሰው ላይ መረባረብ ስታዩ ግን ጉዳዩን እናንተ ለመፍታት አትሞክሩ። ስክሪኑን ፎቶ አንሱና ያንኑ ቀን ለምታምኑት መምህር ተናገሩ።

7. ወላጅ የት ይግባ?

ወላጆች፣ ልጃችሁ የራሱን ጥያቄ መጀመሪያ ራሱ ይጠይቅ። ቅደም ተከተሉ ተማሪ ለመምህሩ፣ ከዚያ ለአማካሪው፣ ከዚያ ወላጅ ነው። በቀጥታ ርዕሰ መምህሩ ጋ መደወል መምህሩን ያርቃል። የደህንነት ጉዳይ ከሆነ ግን ቅደም ተከተል የለም፣ ወዲያው ደውሉ።

8. ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል

ከእረፍት በፊት ከአማካሪያችሁ ጋር ሃያ ደቂቃ ያዙ። ውጤቱን ይዛችሁ ሂዱና የትኛው ትምህርት ከድካሜ ጋር አልተመጣጠነም፣ ክፍል ውስጥ እንዴት ታይቻለሁ፣ ከያዝኩት የቱን ልተው ብላችሁ ጠይቁ። የምትተዉት ክለብ ካለ ዝም ብላችሁ አትጥፉ። ለኃላፊው መምህር አመስግናችሁ፣ ምክንያታችሁን ተናግራችሁ፣ የያዛችሁትን ሥራ ለማን እንደምታስረክቡ ጽፋችሁ ላኩ። ለቡድኑ ልጆችም ራሳችሁ ንገሯቸው፣ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት።