በሰሜን ሸዋ ለድንገተኛ ሕክምና ሰጪዎች የሚስማማ ሞተር ሳይክል እንዴት ይመረጣል?

አንድ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም የበጎ አድራጎት ማኅበር ለድንገተኛ ሕክምና የሚሆን ሞተር ሳይክል ለመግዛት ሲነሣ ውይይቱ ብዙውን ጊዜ ከሲሲ (ከሞተሩ ሲሊንደር ይዘት) እና ከዋጋ ይጀምራል። ሁለቱም መታወቅ ያለባቸው ናቸው፤ ተራቸው ግን ወደ መጨረሻው ነው። አስቀድሞ መልስ የሚሻው ሞተሩ ማንን አሳፍሮ፣ ምን ያህል ጭኖ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ነው። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቶ የጣርማ በርን ጉም አቋርጦ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት የሚወርድ ሞተርና ክረምቱን በእነዋሪና በጅሁር መረሬ (ጥቁር አፈር) ላይ የሚውል ሞተር አንድ ዓይነት ላይሆኑ ይችላሉ።

መነሻው ግልጽ ይሁን፤ ባለ ሁለት ጎማ ሞተር ሳይክል የሚያደርሰው ሕክምና ሰጪውን እንጂ ታማሚውን አይደለም። የለንደን የአምቡላንስ አገልግሎት በ1991 እ.ኤ.አ. በሞተር የሚንቀሳቀሱ ባለሙያዎችን ማሰማራት ሲጀምር ዓላማው መኪናው በመንገድ መጨናነቅ ተይዞ ሳለ ባለሙያው ቀድሞ እንዲደርስ ነበር። በእኛ ዘንድ መኪናን የሚይዘው ገደልና ጭቃ ነው፤ ምክንያቱ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ብርቱ የደም መፍሰስ በወቅቱ ካልታከመ በሁለት ሰዓት ገደማ እናትን ሊገድል ይችላል። ጎረቤት ተጠራርቶ፣ በቃሬዛ ተሸክሞ፣ መኪና ከሚገባበት መንገድ እስኪያደርሳት ይህ ጊዜ ሊያልቅ ስለሚችል፣ አዋላጅዋና መድኃኒቱ በሞተር ወደ ወላዷ ሲሄዱ አምቡላንሱ ደግሞ መንገዱ እስከሚያስኬደው ድረስ ተጠግቶ መጠበቅ አለበት። ታማሚን ከኋላ አፈናጦ መሄድ ግን ፈጽሞ መታሰብ የለበትም። አከርካሪው የተጎዳ ሰው በአንድ ጉድጓድ ላይ በሚደርስበት መንገጫገጭ ለዘለቄታው ሽባ ሊሆን፣ ራሱን የሚስት ሰውም ሊወድቅ ይችላል። ይህን አጥብቄ የምናገረው «መኪና ከምንጠብቅ ይዘነው እንሂድ» የሚለው ሐሳብ ከቅንነት ስለሚመነጭ፣ በሐዘንና በጥድፊያ ሰዓትም እምቢ ለማለት ስለሚከብድ ነው።

ከጎኑ ጎማ ያለው አልጋ የተገጠመለት ሞተር ሌላ ነገር ነው። በማላዊ ማንጎቺ አውራጃ እንዲህ ያሉ ሞተሮች ወላዶችን ከገጠር ጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ለማድረስ አገልግለው መዘግየቱን በሰዓታት ቀንሰዋል። እንደ ምንጃር ሜዳማ በሆነ ቦታ ሊታሰብ ይችላል። ወደ አንድ ወገን ባዘነበለ የተራራ ጥግ መንገድ ላይ ግን ሚዛኑን ይስታል፤ በእግር መንገድም አያልፍም። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ስለ ባለ ሁለት ጎማው ነው።

ቀጥሎ ክብደቱ ይደመር። ነጂው 70 ኪሎ ግራም፣ የራስ ቁሩ፣ ጃኬቱና ጫማው 5፣ የሕክምና ዕቃው 25፣ ሣጥኖቹና የብረት መደገፊያቸው 10 ቢሆኑ 110 ኪሎ ግራም ይመጣል። አንድ ባልደረባ ከኋላ ሲጨመር ወደ 180 ይደርሳል፤ ይህም የብዙዎቹን ትናንሽ ሞተሮች ልክ የሚነካ ወይም የሚያልፍ ነው። ፋብሪካው የፈቀደው ከፍተኛ ጭነት በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ይገኛል፤ ሻጩ በቃል የሚናገረው ሳይሆን ያ ቁጥር ይወሰድ። ቁጥሩ አጥጋቢ ቢሆን እንኳ ጭነቱ የተቀመጠበት ቦታ ሚዛን ይወስናል። ከኋለኛው ጎማ ጀርባ ከፍ ብሎ የታሰረ ከባድ ሣጥን አቀበት ላይ የፊቱን ጎማ ያቀልለዋል፤ መሪውም መታዘዝ ያቆማል። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ በግራና በቀኝ እኩል እንዲቀመጥ የሚያስችል ጠንካራ የኋላ መደገፊያ ያለውን ሞተር ማስቀደም ይገባል።

በሰሜን ሸዋ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ከፍታው ነው። አየር በወጣነው ተራራ ልክ ይሳሳል፤ ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተርም በየ1,000 ሜትር ከፍታው ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህሉን ያጣል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የመንዝ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። በመጽሐፉ 8 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 100 ሲሲ ሞተር እዚያ ላይ አምስት ተኩል ገደማ ብቻ ይቀረዋል፤ በዚያ ጉልበትም 110 ኪሎ ግራም ጭኖ ዳገት መውጣት አለበት። በከተማ ውስጥ ለሚላላክ ሰው የሚበቃው ሞተር ለዚህ ሥራ የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው። በእኔ አስተያየት ለደጋው ከ150 ሲሲ በታች መግዛት አይገባም፤ 200 ሲሲ አካባቢ ያለው ደግሞ ሳይከብድ ጉልበት ስለሚሰጥ የተሻለው ምርጫ ነው። ከዚያ በላይ ሲወጣ ክብደቱና የነዳጅ ፍጆታው ይጨምራል፤ ጥቅሙ ግን በዚያው ልክ አያድግም።

ከፍታው የሚጎዳው ጉልበትን ብቻ አይደለም። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ቤንዚንና አየር የሚቀላቅልበት ልክ አንዴ ከተስተካከለ በኋላ ራሱን አይለውጥም። ሸዋ ሮቢት ላይ፣ በ1,280 ሜትር አካባቢ፣ በትክክል የተስተካከለ ካርቡሬተር ጣርማ በር ሲደርስ አየሩ ስለሚያንሰው ቤንዚን ይበዛበታል፤ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ጭራሽ ይከዳል። በደጋው ልክ ተስተካክሎ ወደ ቆላ ሲወርድ ደግሞ በተቃራኒው ቤንዚን ያንሰውና ከልክ በላይ ይግላል። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚረጭ ሞተር የአየሩን ግፊት ለክቶ ራሱን ስለሚያስተካክል ደጋና ቆላን በአንድ ቀን ለሚያዳርስ ሕክምና ሰጪ ይመረጣል። ካርቡሬተር ግን ሊናቅ አይገባም፤ ውሎው ሁሉ በመንዝ፣ በመሐል ሜዳ ከተማ ዙሪያ ለሆነ ሞተር ለዚያው ከፍታ አንዴ ከተስተካከለ ይበቃዋል፤ የገጠር መካኒክም በካቻቢቴ ፈትቶ ሊያጸዳው ይችላል። የሚረጨው ዓይነት ሲበላሽ ግን መመርመሪያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ያስፈልጋል፤ ቆሻሻ ቤንዚንም አይችልም። በጀሪካን የተቀዳ ነዳጅ ምንጊዜም በጨርቅ ወይም በማጣሪያ ይለፍ።

የወጣ ሁሉ ይወርዳልና ፍሬኑን እንመልከት። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከለሚ ወደ ጃማ ወንዝ የሚወርዱት ቁልቁለቶች ረጃጅም ናቸው። ያለ እረፍት የተያዘ የድራም ፍሬን ይግላል፤ ሲግልም የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። በፊት ጎማው ላይ ዲስክ ፍሬን ያለው ሞተር ሙቀቱን ቶሎ ለአየር ስለሚሰጥ ይመረጣል፤ የኋላው ድራም ቢሆን ግን አይከፋም፤ ለጭቃ የተሻለ ነው። ነጂውም በወጣበት ማርሽ መውረድ አለበት፤ ይህን ሥራ ደግሞ በደንብ የሚሠራው ባለ አራት ምት ሞተር ነው። ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ቀላልና ለጥገና የማያስቸግር ቢሆንም ጋዙ ተዘግቶ ለረጅም ጊዜ ሲወርድ የሚደርሰው ዘይት ስለሚቀንስ ፒስተኑ ሊጣበቅ ይችላል። ለሜዳ ሥራ ብዙ ዓመት ያገለገሉ የያማሃ ኤጂ 100 ዓይነት ሞተሮች ባለ ሁለት ምት ናቸው፤ ኤጂ 200 ግን ባለ አራት ምት ሲሆን ሰንሰለቱ (ካቴናው) በሽፋን ውስጥ የተዘጋ በመሆኑ ከጭቃና ከአቧራ ይጠበቃል። የተዘጋ ካቴና ለእኛ መንገድ ትልቅ ጸጋ ነው።

መረሬ ደግሞ ሌላ ዓይነት ፈተና ነው። በሐምሌና በነሐሴ የደነባና የእነዋሪ ጥቁር አፈር ከጎማው ጋር ተጣብቆ ይሽከረከርና ከፊት ፓራፋንጎው ሥር ተጠቅጥቆ ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል። ስለዚህ የፊት ፓራፋንጎው ከጎማው በብዙ ርቀት ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ሆዱ ከመሬት ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር የሚርቅ፣ ጎማውም ጥርሱ የተራራቀ ይሁን። እንደ ባጃጅ ቦክሰር ያሉት ሞተሮች በየከተማው ስለበዙ መለዋወጫቸው በቀላሉ ይገኛል፤ ፓራፋንጎአቸው ግን ለጎማው የቀረበ ስለሆነ ክረምት ላይ መረሬ ያቆማቸዋል። ወንዝ ለሚሻገር ሰው የአየር ማስገቢያው ከፍ ያለ መሆኑም ይታይ፤ ውሃ ወደ ሞተሩ ከገባ ጉዞው እዚያው ያበቃል።

ጭቃ ላይ የወደቀን ሞተር ማንሣት ያለበት አንድ ሰው ነው፤ ያም ሰው ብዙ ጊዜ ሴት ናት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በአብዛኛው ሴቶች መሆናቸው እየታወቀ መቀመጫው 87 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ሞተር ገዝቶ መስጠት ሞተሩን ለቢሮ ግቢ መግዛት ነው። መቀመጫው ከ80 እስከ 83 ሳንቲ ሜትር፣ ባዶ ክብደቱም ከ130 ኪሎ ግራም ያልበለጠ ቢሆን መካከለኛ ቁመት ያላት ሴት የእግሯን ጫፍ መሬት አስነክታ ልታቆመው፣ ሲወድቅም ልታነሣው ትችላለች። ይህ መመዘኛ በግዥ ሰነድ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገባም፤ መግባት አለበት።

የደብረ ብርሃን ከፍታ 2,800 ሜትር ገደማ ሲሆን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። በብርድ ባትሪ ስለሚደክም በቁልፍ ብቻ የሚነሣ ሞተር ለድንገተኛ ጥሪ አይታመንም፤ በእግር መምቻም ሊኖረው ይገባል። መብራቱና ሳይረኑ ከሞተሩ ኃይል ማመንጫ አቅም በላይ እንዳይሆኑ ቴክኒሻን ያስላ፤ በትናንሽ ሞተሮች ላይ ኤል ኢ ዲ አምፖል ኃይል ስለሚቆጥብ ይስማማል። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲወርድና ጣሊያን በወረራው ዘመን በሠራው መሿለኪያ ውስጥ ሲታለፍ ከፊት ማየት ብቻ ሳይሆን ከኋላ መታየትም ሕይወት ያድናል፤ ሣጥኖቹም ሆኑ ጃኬቱ አንጸባራቂ ይለጠፍባቸው።

የሕክምና ሣጥኖቹ የሞተሩ ምርጫ አካል ናቸው፤ በኋላ የሚታሰቡ አይደሉም። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ ስለሚያስፈልገው የቀዝቃዛ ሣጥኑ ከማርሚታው በተቃራኒው ጎን የሚታሰርበት ቦታ ይኑር፤ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ አጣዬ ለሚወርድ ሰው ይህ ግዴታ ነው። ሚሶፕሮስቶል ክኒን ሙቀትን ይበልጥ ቢችልም እርጥበት ያበላሸዋልና ሣጥኑ ውሃ የማያስገባ ይሁን። አምፑሎች በኮረኮንች ስለሚሰበሩ በስፖንጅ መካከል ይቀመጡ። የ2 ሊትር ይዘት ያለው የኦክስጅን ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 300 ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ በደቂቃ 5 ሊትር ቢሰጥ ለአንድ ሰዓት ይበቃል። ሲሊንደሩ እንዳይነቃነቅ በብረት ማሰሪያ ይያዝ፤ መክፈቻውን ዘይት ወይም ግራሶ አይንካው፤ መጠባበቂያ ቤንዚን ከእርሱ ጋር በአንድ ወገን አይታሰር።

ነዳጅን በተመለከተ አጭሩ ስሌት ይህ ነው። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ደርሶ መልስ ወደ 190 ኪሎ ሜትር ነው። በተራራ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 4 ሊትር ለሚፈጅ ሞተር 11 ሊትር የሚይዝ ታንከር ይበቃዋል፤ ማደያው ነዳጅ ባይኖረውም ይመለሳል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር አየር ስለማያስፈልገው ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ ነገር ግን ብርድ የባትሪውን ርቀት ያሳጥራል፤ መብራት በሚቋረጥበት ቀበሌም ለሌሊት ጥሪ ዝግጁ ሆኖ ላይገኝ ይችላል። ለጊዜው በከተማና በአቅራቢያዋ ብቻ ቢወሰን እመርጣለሁ።

ከመግዛት በፊት የፍሪሲዮን ገመድ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካላማዳሪያ፣ ካቴናና የአየር ፊልተር በደብረ ብርሃን ሱቆች መኖራቸውን አንድ ሰው በአካል ሄዶ ያረጋግጥ። አዲስ አበባ ብቻ የሚገኝ ገመድ ሲበጠስ ሞተሩ ሳምንት ይቆማል።

በመጨረሻ ሁለትና ሦስት ሞተሮች ከተለዩ በኋላ ሳይፈተኑ ውል አይፈረም። ከሣጥኖቹ ክብደት ጋር እኩል የሆነ አሸዋ በጆንያ ይጫን፤ ሞተሩ ደብረ ብርሃን ደጅ አድሮ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይነሣ፤ ስንት ጊዜ ተሞክሮ እንደተነሣ ይጻፍ። ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ደብረ ሲና ላይ ሲቆም ፍሬኑ ለስልሶ እንደሆነ ይታይ፤ ሲመለስ አቀበቱን በስንተኛ ማርሽ እንደወጣና ጭሱ ምን እንደሚመስል ይመዝገብ። ከዚያም እርጥብ መረሬ ላይ ሆን ተብሎ ይጣልና አንድ ሰው ብቻውን ያንሣው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሻጩም ሆነ የግዥ ባለሙያው አይሁን፤ ሌሊት ስልክ ሲደወል ሞተሩን የሚያስነሣው ባለሙያ ራሱ፣ ወይም ራሷ፣ ይንዱት፤ የእነርሱ ፊርማም ከግዥ ኮሚቴው ፊርማ በፊት ይስፈር።