«ሄሞግሎቢናቸው ደህና ነው» አትበሉኝ፦ የልብ ድካም ስናክም የምንሠራቸው ስህተቶች

ጠዋት ራውንድ ላይ ነን፤ ታካሚዎችን እየዞርን እናያለን። የልብ ድካም ያለባቸው እናት ተኝተዋል። ፈሳሽ በሽንት የሚያስወጣው መድኃኒት፣ ላሲክስ፣ ሠርቷል፤ የእግራቸው እብጠት ጎድሏል፣ ትንፋሻቸውም ተመልሷል። እሳቸው ግን «ልጄ፣ ጉልበቴን ምን በላው?» ይላሉ። ኢንተርኑን፣ ተለማማጁን ሐኪም፣ «አይረናቸውስ?» ብዬ ስለ ብረት ማዕድናቸው ስጠይቀው ካርዱን ገልጦ የደም ማነስ የሚለካበትን ቁጥር አይቶ «ሄሞግሎቢን 13 ነው፤ ደህና ነው» ይለኛል። እዚህ ደብረ ማርቆስ ይህን መልስ ስንቴ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ልጆች፣ ደም ማነስና የአይረን እጥረት አንድ አይደሉም! አይረን ለደም ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው። ጡንቻም ኃይል የሚያመርተው በእሱ ነው፤ ልብ ደግሞ ቀን ከሌት የማያርፍ ጡንቻ ነው። ነሐሴ ላይ ጎተራው ተራቁቶ ሌማቱ ላይ ግን እንጀራ ይኖራል አይደል? ሄሞግሎቢን ሌማቱ ነው፤ ጎተራው የሰውነት የአይረን ክምችት ነው። እናንተ ሌማቱን አይታችሁ ጎተራው ሙሉ ነው ትላላችሁ። ሥር የሰደደ የልብ ድካም ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ የአይረን እጥረት አለባቸው፤ ብዙዎቹም ደማቸው ገና አላነሰም።

ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ ሄሞግሎቢንን ከፍ ስለሚያደርግ የዓለም ጤና ድርጅት ሄሞግሎቢን ሲነበብ ለከፍታ ማስተካከያ እንዲደረግ ይመክራል። በሌላ በኩል በሰሜን ተራሮች በ3,500 ሜትር ገደማ በሚኖሩ ሰዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ሄሞግሎቢናቸው ከቆላ ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። ደጋ ላይ በዚህ አንድ ቁጥር መመካት አይቻልም።

እኔም ተሳስቼበታለሁ። ከብቸና አካባቢ የመጡ አንድ ገበሬ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ላሲክስ ጨምሬ ወደ ቤታቸው ሰደድኳቸው። ባለቤታቸውን «ልባቸው ስለደከመ ነው» አልኳቸው። በሦስተኛው ጎተራውን የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ ፌሪቲንን፣ ላክሁ፤ 18 ብቻ ሆኖ መጣ። ወራት አባክኜባቸዋለሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ፌሪቲን የሚያዙትም ቢሆኑ አነባበቡ ላይ ይስታሉ። ውጤቱ 80 ሆኖ ይመጣል፤ ወረቀቱ «ኖርማል» ይላል፤ ካርዱ ይዘጋል። የልብ ድካም ራሱ ሰውነትን ስለሚያስቆጣ ፌሪቲንን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ለእነዚህ ታካሚዎች ከ100 በታች እጥረት ነው። ከ100 እስከ 299 ከሆነ ትራንስፈሪን ሳቹሬሽን ይታያል፣ ማለትም በደም ውስጥ የአይረን ተሸካሚው ምን ያህሉ አይረን እንደያዘ፤ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ እሱም እጥረት ነው። አሁን አሁን ብዙ ተመራማሪዎች ሳቹሬሽኑን ይበልጥ ያምኑታል፤ እኔም እንደዚያው።

ከዚያ ደግሞ የአይረን ኪኒን ጽፎ መርሳት አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት 225 ታካሚዎች ለ16 ሳምንት ወይ 150 ሚሊ ግራም አይረን በቀን ሁለቴ፣ ወይ የማስመሰያ ኪኒን ዋጡ። በመንቀሳቀስ አቅማቸው ላይ ልዩነት አልታየም። በልብ ድካም ጊዜ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ሊያበዛ ይችላል፤ እሱ አይረን የሚገባበትን የአንጀት በር ይዘጋል። በደም ሥር ሲሰጥ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ጥናት 459 ሰዎች ተሳትፈው፣ አይረኑን ካገኙት 50 በመቶው ጥሩ መሻሻል ተሰማን ብለዋል፤ ካላገኙት 28 በመቶው። ዕድሜ ያስረዝማል ወይ የሚለው ግን በኋላ በመጡት ትልልቅ ጥናቶችም ጥርት ብሎ አልወጣም። ለታካሚ ያንን ቃል አትግቡ። ጥናቶቹ በዋናነት የልባቸው የመርጨት አቅም በቀነሰ ሰዎች ላይ የተሠሩ መሆናቸውንም አትርሱ። እኛ ጋ የሚበዙት የልብ በር (ቫልቭ) በልጅነታቸው በሩማቲክ ትኩሳት የተጎዳባቸው ወጣቶች እዚያ ውስጥ እምብዛም የሉም። መድኃኒቱም እንደ ልብ አይገኝም፤ ሲገኝም ውድ ነው። ለዚህ ነው ለማን እንደሚሰጥ በደንብ መለየት ያለብን።

«ቀይ ጤፍ ይብሉ» ብሎ መሸኘትስ? የጎጃም ገበሬ ጤፍ አጥቶ አይደለም የታመመው። ጤፍ ላይ ከሚለካው አይረን ከፊሉ አውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ የተቀላቀለው አፈር ነው። እህሉ ውስጥ ያለውም በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ቡናን ከምግብ ጋር አለመጠጣት ይረዳል፤ ግን በዚህ ብቻ ጎተራው አይሞላም።

አይረኑ የት እንደሄደም ፈልጉ። የአንጀት ትል፣ የወር አበባ መብዛት፣ የጨጓራ መድማት፣ በተለይ አስፒሪን ወይም ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ላይ።

ደግሞ «ደህና ነዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። የእኛ አገር ሰው ሐኪም ፊት አያማርርም፤ «ተመስገን» ይላችኋል። «ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ስንቴ ያርፋሉ?» በሉ። እኚያ የብቸናው ገበሬ በመጨረሻ ይህን ስጠይቃቸው «አራቴ» አሉኝ። አይረኑን በደም ሥር ከወሰዱ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ጠየቅኋቸው። ልባቸው አልዳነም፤ መድኃኒታቸውንም አላቆሙም። «አንዴ፤ እሷም ሰው ሰላም ለማለት» አሉኝ።