ቤታችሁን ከወቅቱ ጋር እንዴት ታስማማላችሁ? ከግንቦት ጀምሩ

አንድ ዓመት ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ በሌሊት፣ ጣሪያችን አፈሰሰ። ያውም ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል የጤፍ ጆንያው ላይ። ጠዋት ጠጋኝ ፍለጋ ወጣሁ። ለካ የሰፈሩ ጣሪያ ሁሉ ያፈሳል። ሰውየው ለሐምሌ ቀጠረኝ። ሰኔና ሰኞ ማለት ይሄ ነው። እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ግንቦትን ምን ስትሠራበት ነበር?»

ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት የአንዱ ወቅት ሥራ በፊተኛው ወቅት ያልቃል። አቆጣጠሩ የአባቶች ነው። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መጸው እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ እስከ ሰኔ 25። (ብዙዎቻችን አደይ አበባ ስናይ ጸደይ እንላለን። በዚህ አቆጣጠር ግን እሱ ክረምቱ ሲያልቅ፣ መጸው ሲገባ ነው። በስሙ አንጣላም፣ ቀኑን ብቻ ያዙ።)

1. ግንቦት፦ ጣሪያውን ፈትሹ

ኮርኒስ የሌለው ክፍል ካላችሁ ቀላል ነው። እኩለ ቀን ላይ በርና መስኮት ዝጉና ወደ ላይ ተመልከቱ። ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ውሃም ያስገባል። ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቆርቆሮው ሳይሆን የምስማሩ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጎማ በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ምስማሩን ከነጎማው ቀይሩት። ጣሪያው ላይ የምትወጡት ቆርቆሮው ሳይግል፣ በማለዳ ይሁን። መሰላሉን የሚይዝ ሰውም አይጥፋ። በዚያው አሸንዳውን ከቅጠልና ከአቧራ አጽዱ፣ የግቢውን ቦይ ክፈቱ።

2. ሰኔ፦ ውሃ ያዙ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ውሃውን ያወርደዋል፣ እኛ ደግሞ ጀሪካን ይዘን ቧንቧ እንጠብቃለን። ሁሌ የሚገርመኝ ነገር ነው። ሒሳቡን ተመልከቱት። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። ጣሪያችሁ 40 ካሬ ቢሆንና 20 ሚሊሜትር ቢዘንብ 800 ሊትር ነው። የሚፈሰውና የሚፈናጠቀው ቢቀነስ እንኳ ሦስት ባለ 200 ሊትር በርሜል ይሞላል። በአንድ ዝናብ!

አሸንዳውን በቱቦ ወደ በርሜሉ ወይም ወደ ሮቶው አውርዱ። ከደረቅ ጊዜ በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ዝናብ ግን አታጠራቅሙ። እሱ የወፍ ኩስና የአቧራ አጣቢ ነው፤ ወደ ቦይ ይሂድ። የበርሜሉን አፍ በወንፊት ሽቦ ወይም በነጠላ ቅዳጅ እሰሩት፤ ክፍት ውሃ ላይ የወባ ትንኝ እንቁላል ትጥላለች። ይህ ውሃ ለልብስ፣ ለወለልና ለሽንት ቤት ነው። የግድ መጠጣት ካለበት ይፈላ። ከተማችን ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ እዚህ ሙቀቱ ሳይበዛ ቶሎ ይፈላል። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ተዉት።

3. ጓሮ

መሬት ባይኖራችሁ ማዳበሪያ ከረጢት ይበቃል። አፈርና ፍግ ሙሉበት፣ ከታች ብሱት (ካልበሳችሁት ሐምሌ ላይ ሥሩ ይበሰብሳል)፣ ጎመንና ቆስጣ ዝሩ። ድንች በክረምት በሽታ ይወደዋል፤ እኔ ትቼዋለሁ።

4. ክረምት፦ ቤት ውስጥ

ሽሮና በርበሬ ከግንቦት ሳያልፍ ይፈጭ፤ በዝናብ ተሸክሞ ወፍጮ ቤት መሰለፍ ቅጣት ነው። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ስለሚመጣ ልብስ በጠዋት ይታጠብ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ብርድ ነው ብላችሁ የከሰል ምድጃ አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

5. ከኅዳር ጀምሮ፦ በርበሬ

ይሄ የእናቴ ወቅት ነው፤ እኔ ተላላኪ ነኝ። አዲሱ ዛላ ገበያ ሲገባ ቅዳሜ ገበያ በጠዋት ትሄዳለች። ቀለሙን አይታ ብቻ አትገዛም። አንዱን ዛላ ጆሮዋ ጋ ታንቀጠቅጠዋለች፤ ፍሬው ውስጡ ከተንኮሻኮሸ ደርቋል። ጨበጥ ስታደርገው እንደ ቆዳ ከተጣጠፈ እርጥብ ነው፤ ሻጩ ሚዛን ላይ ውሃ እየሸጠላት ነው ማለት ነው። እርጥብ በርበሬ ይሻግታል፣ የሻገተ ደግሞ ለጉበት መርዝ ነው። ታጥቦ አይዳንም፣ ይጣል።

ቤት ሲገባ ይቀነጠሳል፣ ሰሌን ወይም ሸራ ላይ ይሰጣል። መሬት ላይ በፍጹም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ወደ ቤት ይገባል፤ የኅዳር ጤዛ የቀኑን ፀሐይ መልሶ ይወስደዋል። ከዚያ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ይደለዝና እንደገና ይሰጣል። ኮረሪማውና አዝሙዱ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። መጠኑን አትጠይቁኝ፣ ለኔም አልነገረችኝም።

6. ጥር፦ እንግዳና ውሃ

ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ የእንግዳው ጫማ ግን ቀደም ብሎ በረንዳውን ይሞላዋል። የፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ ውሃ ሲሞላ እናንተም በርሜላችሁን ሙሉ። ፍራሽና ብርድ ልብስ በታኅሣሥ ፀሐይ ይውጣ። ከዚህ በኋላ እስከ ክረምት የአትክልት እጣቢ ውሃ ሁሉ ወደ ጎመኑ ይሂድ። በረኪና የነካው ብቻ ይደፋ።

ሚያዝያ ሲገባ ደግሞ ለጎረቤት ያዋሳችሁትን መሰላል አስመልሱ።