ለመንጃ ፈቃድ ሄዶ ኑዛዜ መስጠት፦ አሜሪካ አዲስ የገቡ ሰዎች ስለ አካል ልገሳ የሚሠሯቸው ስህተቶች

የአሜሪካ መንጃ ፈቃዴን ላወጣ የሄድኩ ዕለት፣ ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሠራተኛ ቁመቴን፣ የዓይኔን ቀለምና አድራሻዬን ጠይቃ ስታበቃ በዚያው ድምፅ አንድ ጥያቄ ጨመረች። ግማሹ ሳይገባኝ «አዎ» አልኳት። ካርዱ በፖስታ ሲመጣ ትንሽ ልብ ታትሞበታል። የጥሩ አሽከርካሪ ምልክት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ስሞት የአካል ክፍሎቼን ለመለገስ መፍቀዴን ያስረዳኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ውሳኔውን አልቀየርኩትም፤ ነገር ግን ሰው እንዲህ ያለ ቃል ሳያውቀው ከአፉ ሊወጣ አይገባም።

የመጀመሪያው ስህተት እንግዲህ የእኔው ነው፤ ጥያቄውን እንደ ተራ ቅጽ መቁጠር። 18 ዓመት የሞላው ሰው መዝገብ ላይ ያሰፈረው ፈቃድ በሕግ የጸና ነው። ሐኪም ቤቱ ቤተሰብን የሚያነጋግረው የሟቹን ውሳኔ ለማሳወቅና የጤና ታሪኩን ለመጠየቅ እንጂ ፈቃድ ለመለመን አይደለም። ሚስትም እናትም ያንን «አዎ» መሻር አይችሉም። ስለዚህ ነገሩ ኑዛዜ ነው፤ ልዩነቱ ከጀርባ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው እያጉረመረመ መሰጠቱ ብቻ ነው። ልጆቻችሁም በ15 እና በ16 ዓመታቸው የልምምድ ፈቃድ ሲያወጡ ይኸው ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የመጨረሻው ቃል የወላጅ ቢሆንም፣ ቤት ውስጥ አስቀድሞ ቢወራ ይሻላል።

ሁለተኛው የባሰ ይመስለኛል፤ ዝም ማለትን እንደ እምቢታ መቁጠር። በአብዛኞቹ ግዛቶች ሳጥኑን ባዶ መተው መዝገብ ውስጥ አለመግባት ነው እንጂ መከልከል አይደለም። ያልተመዘገበ ሰው ሲሞት ጥያቄው ወደ ቤተሰብ ይዞራል። ስለ ሕክምናው እንዲወስን በጽሑፍ የወከለው ሰው ካለ ይቀድማል፤ ከዚያ የትዳር ጓደኛ፣ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች፣ ወላጆች፣ እህትና ወንድም በየተራ ይመጣሉ። ባለቤቱ አዲስ አበባ ያለች፣ እሱ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተጋርቶ የሚኖር ሰው ያስቡ። ስልኩ በሌሊት የሚደወለው ለእሷ ነው፤ እሷን ማግኘት ካልተቻለ ተራው ወደሚቀጥለው ዘመድ ያልፋል። ፈጽሞ የማይፈልግ ሰው እምቢታውን በጽሑፍ አስፍሮ ይፈርም፤ ያኔ ማንም በስሙ መፍቀድ አይችልም። ሃይማኖታዊ ጥያቄ ያለበትም የነፍስ አባቱን ወይም ሼሁን የሚያማክርበት ጊዜ መስኮቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው።

ሦስተኛው፣ የሌላ አገር ሕግ ይዞ መምጣት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ እምቢታውን ያላሳወቀ አዋቂ እንደፈቀደ ይቆጠራል፤ ከመሞቱ በፊት በዚያ ከ12 ወር በታች የኖረ ሰው ግን በዚህ ደንብ አይገዛም፤ ቤተሰብም ይጠየቃል። ለንደን ያለው የአጎትዎ ልጅ በስልክ የሚነግርዎ ለእሱ ትክክል ነው፤ ሜሪላንድ ላይ ግን አይሠራም።

«ልቡን ካዩ ሊያድኑኝ አይጥሩም» የሚለው ወሬ ደግሞ ከቡና ላይ ጠፍቶ አያውቅም። የሚያክምዎት ሐኪም ከንቅለ ተከላው ጋር ግንኙነት የለውም፤ ልገሳውን የሚያስተባብረው ሌላ ድርጅት ነው። የአንጎል ሞትም፣ ማለትም አንጎል ላይመለስ ሥራውን ማቆሙ፣ ራስን ስቶ መተኛት አይደለም፤ በሕግ ሞት ነው፤ የመተንፈሻ መሣሪያው ደረትን ከፍ ዝቅ ቢያደርገውም እንኳ።

የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው አይመለከተኝም ይላል። ዜግነት መለገስንም ሆነ አካል ለመቀበል ተራ መጠበቅን አይከለክልም። ለተቀባዩ እውነተኛው ግድግዳ ኢንሹራንስ ነው፤ ከ100,000 በላይ ሰው በሚጠብቅበት ዝርዝር ላይ ለመግባት ወጪውን የሚሸፍን አካል ማሳየት ያስፈልጋል።

በሕይወት እያሉ ኩላሊት መስጠት ሌላ ጉዳይ ነው። መንጃ ፈቃድ ላይ ያለው ልብ ለዚህ ማንንም አያስጠራም፤ ከሞት በኋላ ላለው ብቻ ነው። መሸጥ ግን በ1984 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 50,000 ዶላር ያስቀጣል፤ በማኅበራዊ ሚዲያ «ኩላሊት እንገዛለን» የሚል ቢያጋጥምዎ ሳይመልሱ ይለፉት።

አስከሬን ወደ አገር ቤት መላክ ይቀራል ብለው የሚሰጉም አሉ። አይቀርም፤ ቁስሉ ተሰፍቶ ይመለሳል፣ ፊት ተገልጦ መሰናበትም ይቻላል። የልገሳው ወጪ ቤተሰብ ላይ አይወድቅም፤ የቀብሩና የአውሮፕላኑ ግን የቤተሰብ ነው።

ሐሳቡን የቀየረ በማንኛውም ጊዜ መውጣት ይችላል። ግን የግዛት መዝገብና ብሔራዊ መዝገብ ለየብቻ ስለሆኑ፣ ሁለቱም ጋ የተመዘገበ ከሁለቱም መውጣት አለበት።

ከሁሉ የከበደኝ ለእናቴ መንገር ነበር። «አታሟርት!» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። በማግስቱ ራሷ ደወለች። ስለ ዓይን ባንክ በሬዲዮ ሰምታ ታውቅ ኖሯል። «ዓይኑንስ እሺ፤ ልብህን ግን ምን ያደርጉበታል?» አለችኝ። ያንን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።