ፈረስ ሌሊቱን ደጅ ይደር ወይስ ጋጣ ይግባ?

በደጋ ፈረስ የሚያረባ ሰው ከሐምሌ እስከ ጥር ድረስ ማታ ማታ የሚወስነው ነገር አለ፤ ፈረሱ ደጅ ይደር ወይስ ጋጣ ይግባ? ብዙዎች የሚወስኑት በራሳቸው ብርድ ነው። ጋቢ ደርቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው ፈረሱም እንደ እሱ የበረደው ይመስለዋል። ጤናማና ሥጋ የያዘ ጎልማሳ ፈረስ ግን ደረቅ ብርድን ከሰው እጅግ በተሻለ ይችላል። ፈረስን የሚጎዳው ዝናብና ነፋስ ሲተባበሩበት፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ ሲያድር፣ ጅብ ሲያገኘው ወይም ትንኝ በሽታ ስታስተላልፍበት ነው። ስለዚህ መልሱ እንደ ወሩ ይለያያል። ጥር ላይ ምንም የማያመጣው ውሳኔ ጥቅምት ላይ ፈረሱን ሊያሳጣዎት ይችላል።

ፈረስ ብርድን የሚችለው በምንድን ነው?

ፈረስ ሲበርደው ጠጉሩ ይቆማል፤ በጠጉሩ መካከል የታቆረው አየር የሰውነቱን ሙቀት ይይዝለታል። በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች ወፍራም ጠጉር ያበቀሉ ፈረሶች ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ራሳቸውን ለማሞቅ የተለየ ጉልበት አያወጡም። ብርድ ያልለመደ ፈረስ ግን 5 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ተጨማሪ መኖ ማቃጠል ይጀምራል። ደጋ ተወልዶ ያደገው ፈረሳችን በሁለቱ መካከል ነው። ደብረ ብርሃን፣ መንዝ ወይም ጋይንት ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ቢወርድም ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩም ደረቅ ነው፤ ረፋዱ ላይ ደግሞ ፀሐይ ታሞቀዋለች። ሐረርጌ ውስጥ በቁንዱዶ ተራራ የሚኖሩት የዱር ፈረሶች ዓመቱን ሙሉ ያለ ጋጣ ነው የሚያድሩት።

ጠጉሩ እስከ ቆዳው ከራሰ ግን ይህ መከላከያ ይፈርሳል። የራሰ ጠጉር ይተኛል፣ አየር አይዝም፣ ነፋስ ሲጨመርበት ሙቀቱ ይሸሻል። በ10 ዲግሪ የራሰ ፈረስ በውርጭ ከቆመ ደረቅ ፈረስ ይልቅ ሊበርደው ይችላል። ለማወቅ ጣትዎን ከጠጉሩ ሥር አስገብተው ጀርባውንና ሽንጡን ይንኩ። ላይ ላዩ ረጥቦ ቆዳው ደረቅና ሞቃት ከሆነ አያስጋም። ቆዳው ከራሰ ይግባ። ጭቃ ያጣበቀው ጠጉርም መቆም ስለማይችል ማታ በደረቁ ሊፈገፈግለት ይገባል።

መጀመሪያ ፈረሱን ይዩ

ረጅም ጠጉር ክሳትን ስለሚሸፍን በዓይን ብቻ አይፍረዱ። መዳፍዎን ዘርግተው ጎድኑ ላይ ያሳልፉ። ጎድኖቹ ለዓይን ሳይታዩ ጥቂት ጫን ሲሉ የሚዳሰሱ ከሆነ ፈረሱ ለብርድ የሚበቃ ሥጋ አለው። ሳይጫኑ አንድ በአንድ የሚቆጠሩ ከሆነ፣ የዳሌው አጥንት ከወጣና አከርካሪው ከሾለ፣ ደጅ ማደሩ የቀረችውን ሥጋ ያስጨርሰዋል።

ወሩ ምንም ይሁን ምን ሌሊት ከለላ ውስጥ ማደር ያለባቸው አሉ፦ ከስድስት ወር በታች ያለ ውርንጭላና እናቱ፣ ጥርሱ አልቆ ጭዱን አኝኮ የሚተፋ ሽማግሌ ፈረስ፣ የሚያስል ወይም ትኩሳት ያለበት፣ እንዲሁም በቅርቡ ከቆላ ወይም ከወይና ደጋ የተገዛ። ይህ የመጨረሻው ይዘነጋል። ሰውነቱ ብርዱን ለመልመድ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ስለሚፈልግ በመጀመሪያው ሳምንት ውርጭ ላይ ማውጣት ተገቢ አይደለም። አህያም ካለችዎት ከፈረሱ ጋር አንድ ላይ አይመድቧት፤ ጠጉሯ ዝናብን እንደ ፈረስ ጠጉር ስለማይከላከልላት ከለላ የምትሻው ከፈረስ ቀድማ ነው።

በላብ የተጠመቀ ፈረስ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። የጋሪ ፈረስ አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲፈታ፣ ወይም እንጅባራ ላይ ጥር 23 በሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ሲጋልብ የዋለ ፈረስ ወደ ቤት ሲመለስ፣ ላቡ ከዝናብ የማይተናነስ እርጥበት ነው፤ ጊዜውም ውርጭ የሚወድቅበት ነው። ኮርቻውን ወይም የጋሪውን ዕቃ ያውርዱለት፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቀስታ ያራምዱት፣ ከዚያ በአንድ እጅ የሚጨበጥ ደረቅ ጭድ ጠቅልለው ከጠጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ ደረቱን፣ ጀርባውንና ሽንጡን አጥብቀው ይሹት። ከብብቱ ሥር ሲዳስሱት ደረቅ እስኪሆን ድረስ አይውጣ። ጆንያ ማልበስ የሚጠቅመው ጆንያው ደረቅ ሆኖ ሲቆይ ብቻ ነው። የራሰ ጆንያ ጠጉሩን ስለሚያስተኛው ራቁቱን ከመቆም የባሰ ነው።

ማታ የሚበላው

ለፈረስ ማሞቂያው ጭድና ድርቆሽ ነው። ገለባ ነክ መኖ ትልቁ አንጀት ውስጥ ቀስ እያለ ሲብላላ ለሰዓታት ሙቀት ያወጣል፤ ገብስ ቶሎ ስለሚፈጭ ያን ያህል አያቆይም። የአገራችን ፈረስ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 250 ኪሎ ይመዝናል። ለ220 ኪሎ ፈረስ በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ፣ ማለትም 4.5 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ያስፈልጋል። ውርጭ በሚወድቅበት ወይም ዝናብና ነፋስ በሚበረታበት ሌሊት በዚህ ላይ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ይጨምሩና ከቀኑ ድርሻ ግማሽ የሚሆነውን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ይስጡት። ዓይን ከሚገምተው ይልቅ አንድ ጊዜ ጆንያ ሞልቶ መመዘን ይሻላል፤ ጭድ ብዙ መስሎ ጥቂት ነው።

የጤፍ፣ የስንዴና የገብስ ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ገንቢነቱ ዝቅተኛ ነው። የከሳን ፈረስ በጭድ ብቻ ለማወፈር አይሞክሩ። ድርቆሽ ካለ ያደባልቁ፣ ከሌለ በተከካ ገብስና በፉርሽካ ይደግፉት፤ አንድ ጊዜ የሚሰጠው እህል ግን ከ1 ኪሎ እንዳይበልጥ። ከዚያ በላይ ሲሆን ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይገባና ሆድ ቁርጠት ያስነሣል፣ ሰኮናውንም ሊያቆስል ይችላል። መጠኑን የሚጨምሩትም በአንድ ቀን ሳይሆን በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው።

ውኃ ከመኖ እኩል ነው። ደረቅ መኖ ለሚበላ ፈረስ ለእያንዳንዱ ኪሎ መኖ ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሊትር ይታሰባል፤ ስለዚህ ሥራ ባይሠራም ከ12 እስከ 15 ሊትር ሊጠጣ ይገባል። በብርድ ወራት ውኃው ስለቀዘቀዘበት ትንሽ የሚጠጣ ፈረስ ጭዱ አንጀቱ ውስጥ ደርቆበት ሊሞት ይችላል። ገንዳ ውስጥ ያደረው ውኃ ጠዋት በረዶ ሊይዝ ስለሚችል ይስበሩት ወይም ደፍተው ከጉድጓድ አዲስ ይቅዱለት፤ ከጉድጓድ የወጣው ሞቅ ያለ ነው። ማታ ከመኖው በፊት ያጠጡት። ጥማቱን የሚያነሣሣለት አሞሌ ጨው ደጋግሞ በሚልስበት ቦታ ይቀመጥ።

ወሩ ምን ይላል?

በሐምሌና በነሐሴ ጠላቱ ዝናብ ነው፤ የሚያስፈልገውም ጣሪያ እንጂ የተዘጋ ቤት አይደለም። ለአንድ ፈረስ 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ፣ በሦስት ወገን የተከደነ፣ አራተኛው ክፍት የሆነ ዳስ ይበቃል። ክፍቱን ወገን ዝናብ ከሚያመጣው ነፋስ በተቃራኒ ያድርጉት፤ ነፋሱ ከየት እንደሚበረታ የአካባቢውን ዛፎች ዘመም አቅጣጫ አይተው ያውቁታል። ወለሉ ከዙሪያው መሬት ከፍ ብሎ በጠጠር ይደልደል፣ ዙሪያውን ቦይ ይቆፈር፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጭድ ይነጠፍበት። ዳሱ ጭቃ ሆኖ ከቆየ ሰኮናው ውስጥ መጥፎ ሽታ ያለው መበስበስ ይነሣል፤ ይህ በዝናብ ወራት የሚገጥመው ዋና የሰኮና ችግር ነው። ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ጋጣ ለሳንባው አይበጅም። የሽንቱ ጭስ ዓይን የሚያቃጥል መሆኑን ለማወቅ በፈረሱ አፍንጫ ቁመት ጎንበስ ብለው ይተንፍሱ። እርስዎን ካስለቀሰዎት እሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሰው ያድራል፤ ከጣሪያው ሥር የአየር ማስወጫ ይክፈቱ፣ ንጣፉንም በየቀኑ ያንሱ።

ከመስከረም እስከ ኅዳር ሁኔታው ይገለበጣል። ዝናቡ ቆሞ ሜዳው ሲረጥብ፣ ከወባ ትንኝ እጅግ የምታንስ ትንኝ ትበዛለች፤ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን የምታስተላልፈው እሷ ናት። የምትናከሰው ከፀሐይ ግባት ትንሽ ቀደም ብሎ ከንጋት ጥቂት በኋላ ድረስ ነው። በሳንባው የያዘው ፈረስ ብዙ ጊዜ አይተርፍም፤ አፍንጫው ነጭ አረፋ ይተፋል፣ በጥቂት ቀናትም ይሞታል፤ በልቡ ሲይዘው ደግሞ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ያብጣል። በዚህ ወቅት ክፍት ዳስ ከትንኟ አይከላከልም፤ ፈረሱ ፀሐይ ሳትጠልቅ በተዘጋ ጋጣ ይግባ፣ መስኮቱና በሩ በጥቃቅን ቀዳዳ መረብ ይሸፈን፣ ጠዋትም ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይውጣ። ውኃ ያቆረ ረባዳ ቦታ አጠገብ ጋጣ አይሠራ። ኩበት የማጨስ ልማድ አለ፤ ጭሱ ደጅ ቢሆን ትንኟን ያሸሻል፣ ጋጣ ውስጥ ከሆነ ግን ሳንባውን ያቃጥላል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል። ሰውነት ለመከላከል ሳምንታት ስለሚወስድበት ትንኟ ከመብዛቷ በፊት በወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በኩል ያስከትቡ። ያልተከተበ ፈረስ በጥቅምት ሌሊት ደጅ ማደር የለበትም፤ ይህንን ለድርድር አያቅርቡት።

በታኅሣሥና በጥር ትንኟ ትቀንሳለች፣ ውርጩ ይበረታል። ሥጋ ያለውና ሆዱ የሞላ ፈረስ ከለላ ባለበት ግቢ ቢያድር ይሻለዋል፤ ይንቀሳቀሳል፣ ንጹህ አየር ያገኛል። ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ስለሚወርድ ከሸለቆ ግርጌ ይልቅ ከፍ ያለ ተዳፋት ይምረጡለት።

ጅብ ካለ ግን ይህ ሁሉ ሁለተኛ ነው። በሜዳ ላይ በችካል የታሰረ ፈረስ መሸሽ አይችልም፤ ገመዱም እግሩን ሊቆልፈውና ሊጥለው ይችላል። ሌሊት ደጅ የሚያድር ፈረስ ሳይታሰር፣ ከሰው ቁመት በማያንስ የድንጋይ ካብ ወይም ወፍራም የእሾህ አጥር በተከበበ ግቢ መሆን አለበት። አጥሩ ሥሩ ላይ ክፍተት እንዳይኖረው ጅብ የሚቆፍርበትን ቦታ በድንጋይ ይድፈኑ። እንዲህ ያለ ግቢ ከሌለዎት ጋጣ ይግባ፤ ብርዱ ምንም ቢሆን።

ጠዋት ሲወጡ ፈረሱን ሳያስነሡ ከሩቅ ይመልከቱት። ቆሞ አንገቱን ዘንበል አድርጎ መኖ የሚፈልግ ከሆነ ሌሊቱን ችሎታል። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወደ ከለላ አስገብተው ያድርቁት፣ ድርቆሽ ይስጡትና ሌሊቱ ላይ ለሚደርሰው ብርድ ጭዱን ይጨምሩ፤ ለጥቂት ቀን ከተደጋገመ ደጅ ማሳደሩን ይተዉ። ፋንድያውን ይቁጠሩ፤ ፈረስ በቀን ከ6 እስከ 10 ጊዜ ይጥላል፣ ሌሊቱን አንድ ወይም ሁለት ጉብታ ብቻ ካገኙ፣ የጣለውም ደረቅና ትንሽ ከሆነ፣ ውኃ ያንሰዋል። ጎኑን የሚመለከት፣ የሚንከባለልና መኖ የሚተው ከሆነ ባለሙያ ይጥሩ። የጤናማ ፈረስ ሙቀት በፊንጢጣ ሲለካ ከ37.5 እስከ 38.5 ነው፤ ከ39 በላይ ያለውን ከመንጋው ለይተው ጋጣ ያስገቡና የጤና ባለሙያ ሳያየው አያውጡት።